አጭር መንገድ የሚመላለስ መኪና ባትሪ ለምን ቶሎ ይደክማል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። መኪናዬ 2005 ሞዴል ቪትዝ ናት፣ 1,000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ። ጠዋት ከሆጤ ተነስቼ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ፒያሳ ሱቄ እገባለሁ፤ ምሳ ላይ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ፤ ማታ እገባለሁ። በቀን አራት ጊዜ ነው፣ አንዱ ጉዞ ከ8 ደቂቃ አይበልጥም። ባትሪው በተገዛ በ16 ወሩ ጠዋት ጠዋት እያቃሰተ መነሳት ጀመረ። ሻጩ በመለኪያ አየና ‹አልቋል፣ ይቀየር› አለኝ። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ ‹ዲናሞው ደህና ነው› ይላል። አጭር መንገድ ነው የገደለው የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው? ጠዋት ጠዋት 10 ደቂቃ ቆማ እንድትሠራ ባደርግስ? ወይስ ተለቅ ያለ ባትሪ ልግዛ?»

ምላሽ፦

አብሽሩ እህቴ፣ ባትሪው ገና ላይሞት ይችላል። ሻጩም ኤሌክትሪሻኑም አልዋሹም። የቀረው ነገር ባትሪውን አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ መሙላት ነው። የጎደለ ባትሪና ያረጀ ባትሪ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ሲያዞሩ አንድ ዓይነት ነው የሚያቃስቱት፤ የሱቅ መለኪያም ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባትሪው አንድ ሌሊት ቻርጅ ይደረግ፣ አንድ ቀን ይረፍ፣ ከዚያ ይለካ።

አጭር መንገድ ባትሪ ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው። ሰው የሚሰጠው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። «ሞተር ማስነሳት ብዙ ኃይል ይበላል፣ 8 ደቂቃ ደግሞ አይተካውም» ይባላል። እስቲ እናስላው። የእርስዎን የመሰለ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ለማስነሳት ሞተሪኖው 120 አምፔር አካባቢ ለ2 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ይህ 0.07 አምፔር-ሰዓት ነው (አንድ አምፔር-ሰዓት ማለት 1 አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ ነው)። ሞተሩ ሲዞር ኃይል የሚያመነጨው ዲናሞ ለባትሪው 10 አምፔር ቢሰጥ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይመልሰዋል። በቀን አራቱም ማስነሳት ተደምሮ 0.3 አይሞላም፤ በ35 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ላይ ኢምንት ነው።

ትልቁ ወጪ ያለው መኪናዋ ቆማ ባለችበት ጊዜ ነው። ቁልፉ ወጥቶም ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ማስታወሻ፣ የሞተሩ ኮምፒውተርና የበሩ መቆለፊያ ጥቂት ጥቂት ይስባሉ። ጤነኛ መኪና ላይ ይህ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፔር ነው። 40 ብንል በ24 ሰዓት 1 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሆናል። በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ጂፒኤስ ካለባት ሌላ 30 ሚሊ አምፔር ይጨመራል፤ ወጪው ወደ 1.7 ይደርሳል። ማስነሳቱ ሲታከል 2 ሊሞላ ምንም አይቀረው። ባትሪ የሰጡትን ሁሉ ስለማይመልስ፣ ይህን ለመተካት 2.2 ወይም 2.3 ማስገባት ያስፈልጋል። የእርስዎ መኪና በቀን የምትሄደው 32 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ4 አምፔር በላይ ያለማቋረጥ ወደ ባትሪው መግባት አለበት ማለት ነው።

4 አምፔር ትንሽ ይመስላል። አሁን ጉም የወረደበትን የክረምት ጠዋት ይውሰዱ። የፊትና የኋላ መብራቱ 10 አምፔር፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያው 12፣ ማራገቢያው በመካከለኛ ፍጥነት 6፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ ካንዴላውና ኮምፒውተሩ 9፣ የፍሬን መብራቱ በተረገጠ ቁጥር ከ3 በላይ። ድምሩ ወደ 40 ይጠጋል። የትንንሽ መኪኖች ዲናሞ ላይ 60 ወይም 70 አምፔር ተብሎ የሚጻፈው ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር የሚሰጠው ነው። በሚኒሞ፣ ማለት ባጃጁና ሚኒባሱ መንገዱን ዘግቶት ቆመው ሳሉ፣ የሚሰጠው ግማሹን ወይም ከዚያ በታች ነው። ጎዶሎውን የሚሞላው ባትሪው ራሱ ይሆናል። እየሄዱ ሳሉ ባትሪው እየጎደለ ነው፤ ኤሌክትሪሻኑ «ዲናሞው ደህና ነው» ያለውም ልክ ነው።

ላይ የዘረዘርኩት ቁጥር ከመኪና መኪና ይለያያል። ከዚህ ውስጥ የሚቆጣጠሩት ግን የኋላ መስታወት ማሞቂያውንና ማራገቢያውን ነው። መስታወቱ እንደጠራ ማሞቂያውን ያጥፉት። በእርስዎ ዓይነት ጉዞ ላይ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ባትሪው በሳምንት ለምን ባዶ አልሆነም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ባትሪ በጎደለ ቁጥር ኃይል የመቀበል ፍላጎቱ ይጨምራል። ስለዚህ ዝቅ እያለ ሄዶ የቀኑ ገቢና ወጪ የሚተካከሉበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከሙሉው 60 ወይም 70 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይችላል። እዚያው ወራት ይኖራል። መኪናዋ ትነሳለች፣ ማንም ምንም አያስተውልም። ባትሪውን የሚገድለው ይህ ሞልቶ የማያውቅ ኑሮ ነው።

ለምን እንደሚገድል ውስጡን ማየት ይጠይቃል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ በውስጡ ባሉት በሁለቱም ዓይነት የእርሳስ ፕሌቶች ላይ ሊድ ሰልፌት የሚባል ነገር ይጋገራል፤ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውሃ ይጠጋል። ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ይፈታና አሲዱ ይመለሳል። ትኩስ ሰልፌት ደቃቅ ስለሆነ በቀላሉ ይፈታል። ለሳምንታት ሳይፈታ ከቆየ ግን፣ ማር ሰንብቶ ስኳር እንደሚሠራው፣ ደቃቁ ተሰባስቦ ትልልቅና ጠንካራ ቅንጣት ይሆናል። ያ ተራ ቻርጅ አይፈታውም። የተሸፈነው የፕሌት ክፍል ከሥራ ውጭ ሆነ ማለት ነው፤ 35 የተባለው ባትሪ 20 ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩን የሚያግተው የውስጥ መቋቋሙም ይጨምራል፣ ሞተሪኖው ሲጎትተው ቮልቱ ይወድቃል። ሌላም ጉዳት አለ። ወፍራም አሲድ ከቀጭኑ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ባትሪው እስከ መጨረሻው ሞልቶ ጥቂት ካልፈላ አሲዱ አይደባለቅም፤ የፕሌቱ ታችኛው ክፍል በወፍራም አሲድ ውስጥ ተቀምጦ ከላይኛው ቀድሞ ይበላሻል።

እስከ 80 በመቶ መሙላት ፈጣን ነው። የመጨረሻው 20 በመቶ ዲናሞው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ብዙ ሰዓታት ይወስዳል፤ ባትሪው ራሱ የሚቀበለው አምፔር እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። ብርድ ደግሞ ይህን መቀበል ይበልጥ ያዘገየዋል።

ስለ ብርድ ካነሳን፣ የደሴ ጠዋት ከኅዳር እስከ ጥር ባትሪን በሦስት በኩል ይይዘዋል፦ ባትሪው ራሱ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይቱ ወፍሮ ሞተሪኖውን ያከብደዋል፣ ቻርጅ መቀበሉም ይዘገያል። በሰኔ የሚነሳ መኪና በታኅሣሥ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ዕድሜን በማሳጠር በኩል ግን ሙቀት ከብርድ ይብሳል፤ የባትሪ ውስጥ ዝገት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ባቲ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ባትሪ ቶሎ ቢያረጅ ሙቀቱን እጠረጥራለሁ። ደሴ ላይ በ16 ወሩ የደከመ ባትሪ ሳይ ግን ሙቀት አይታየኝም። በመጀመሪያ የማስበው ሞልቶ አያውቅም ብዬ ነው። ከፍታው ራሱ፣ የደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ መሆን፣ ሞተሩን ጉልበት ያሳጣው እንደሆነ ነው እንጂ ባትሪውን አይነካውም።

ወደ ልኬቱ እንግባ። የሚያስፈልግዎ ተራ ዲጂታል ቴስተር ነው፤ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይገኛል። 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉት።

የመጀመሪያው ልኬት የዕረፍት ቮልት ነው። ማታ ሲገቡ ኮፈኑን ሳይዘጉ ጋደል አድርገው ይተዉት፤ ጠዋት በር ሳይከፍቱ፣ በሪሞትም ሳይነኩ ሁለቱን ፖሎች ይለኩ። በር ሲከፈት መብራትና ኮምፒውተር ስለሚነቃ ቁጥሩ ይዛባል። ተራ የአሲድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ማለት ሩቡ ጎድሏል፣ 12.2 ግማሹ፣ 12.0 ሦስት ሩቡ። 11.8 እና ከዚያ በታች ባዶ ነው። 10.5 አካባቢ ላይ ተቸክሎ ከቀረ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ በውስጥ ሾርት አድርጓል፤ እሱ አይመለስም። መኪናዋ ገና እንደቆመች ቢለኩ 12.9 ሊያዩ ይችላሉ። ያ ላይ ላዩን የተቀመጠ ቻርጅ ስለሆነ አይመኑት፤ የፊት መብራቱን 2 ደቂቃ አብርተው አጥፍተው ትንሽ ቆይተው ይለኩ። የእርስዎ የጠዋቱ ቁጥር ከ12.1 እስከ 12.3 ቢሆን አይገርመኝም።

ሁለተኛው ሞተሩ ሲነሳ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቴስተሩን ይመልከቱ። ከ10 በላይ ከቆየ ጥሩ ነው፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ደካማ ነው። ይህ ፍርድ የሚሠራው ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው። በ12.2 ላይ ያለ ባትሪን በዚህ ፈትኖ «አልቋል» ማለት ስህተት ነው፤ ሻጩም ያደረገው ይህንኑ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሞተሩ ተነስቶ በ1,500 ዙር ገደማ ሲሆን ነው። መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከዚያ የፊት መብራቱን፣ ማራገቢያውንና የኋላ ማሞቂያውን ያብሩና እንደገና ይዩ፤ ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን ይዩ። በረጅሙ ክፍል መሐል ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢገባ ደህና ነው፤ ብርድ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሲጮህ የሚሰማው የላላ ወይም ያለቀ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ደህና ከሆነ የዲናሞው ካርቦን ወይም ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ይታይ። ቮልቱ 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጨርስ ባትሪ ምልክቱ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ዲናሞውን ያየው ሁሉም ነገር ጠፍቶ ብቻ ከሆነ፣ በጭነት እንዲያየው ይጠይቁት።

አራተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ፦ የሽቦውና የፖሉ ንጽሕና። ሞተሩ እየሠራ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በዲናሞው ወፍራም ሽቦ ብሎን፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ፖል ላይ ያድርጉ። በማሰሪያው ላይ አይደለም፣ በእርሳሱ ፖል ላይ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ በመካከል የዛገ ወይም የላላ ነገር አለ። በኔጌቲቩም በኩል ከባትሪው ፖል እስከ ሞተሩ ብረት እንዲሁ ይለካ። የግማሽ ቮልት ኪሳራ በተራ ሰው ዓይን ምንም ነው፤ ባትሪው ግን በ14.3 ፈንታ 13.8 ይደርሰዋል፣ የመጨረሻው 20 በመቶም በዚህ ቮልት ለረጅም መንገድ እንኳ አይሞላም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ በመጀመሪያ ኔጌቲቩን ይፍቱ። ሙቅ ውሃ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ያፍስሱበት፣ በሽቦ ብሩሽ ፖሉንና የማሰሪያውን ውስጥ ፍቀው ያድርቁ። ፖዘቲቩን ቀድመው፣ ኔጌቲቩን ኋላ ያስሩ፤ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡ። ሶዳው በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ አሲዱን ያበላሸዋል።

አምስተኛው ቆማ የምትስበው ነው። ቴስተሩን ወደ 10 አምፔር ቀይረው ቀዩን ሽቦ በ10 አምፔሩ ቀዳዳ ይሰኩ። ኔጌቲቩን ከፖሉ ፈትተው በፖሉና በማሰሪያው መካከል ቴስተሩን ያስገቡ። በሮቹ ተዘግተው ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ነው። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ከሆነ ደህና ነው። 100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወድቅበትን ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ አላርሙ፣ ጂፒኤሱ፣ በኋላ የተገጠመው ሬዲዮና የማይጠፋው የኋላ ሻንጣ መብራት ናቸው። ቴስተሩ እንደተያያዘ ቁልፍ አያዙሩ፤ ወዲያው የቴስተሩን ፊውዝ ይበላዋል።

ባትሪዎ የሚከፈት ክዳን ካለው የአሲድ መለኪያ ከቴስተር በላይ ይናገራል። የአሲዱ እፍግታ (የውሃው 1 ሲሆን) ሙሉ ባትሪ ላይ ከ1.265 እስከ 1.280፣ ግማሽ ላይ 1.190 አካባቢ ነው። ስድስቱም ክፍሎች እኩል ዝቅ ካሉ ባትሪው የጎደለ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በ0.050 ካነሰ ያ ክፍል ታሟል።

አሁን መሙላቱ። ለ35 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ተስማሚው 3.5 አምፔር ነው፣ የአቅሙ አሥረኛ። 14.4 ቮልት ሲደርስ አምፔሩን እየቀነሰ ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ዘመናዊ ቻርጀር ካገኙ ከሁሉ ይሻላል። በመጀመሪያ የውሃውን ልክ ይዩ፤ ፕሌቶቹ ከታዩ እስኪሸፈኑ ብቻ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨምሩ፣ እስከ መስመሩ መሙላት ከቻርጅ በኋላ ነው። ፈሳሹ ቻርጅ ሲደረግ ስለሚያብጥ ቀድሞ የተሞላ ባትሪ አሲዱን በክዳኑ ያፈሳል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ የባትሪ ውሃ አይደለም፤ ማዕድን አለበት። ከዚያ ቀዩን ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ ያያይዙ፣ ሶኬቱን መጨረሻ ይሰኩ፤ ሲያነሱ በተቃራኒው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ምንም አይደለም፣ ሲመጣ ይቀጥላል፤ አንዳንድ ቻርጀር ግን እንደገና መጫን ይፈልጋል። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ወይም ምድጃና ከሰል ባለበት አይሁን። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ታጥቦ ወዲያው ሐኪም ጋር ነው።

ሱቅ ወስደው የሚያስሞሉ ከሆነ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ በአንድ ሰዓት «ፈጣን ቻርጅ» አይደረግልኝ ይበሉ። 20 እና 30 አምፔር የሚገፋ ቻርጅ ትንሽ ባትሪን ያሞቃል፣ የፕሌቱን ዱቄት ያረግፋል፣ የመጨረሻውን 20 በመቶ ግን አይሞላም፤ በማግስቱ ትነሳለች፣ በሳምንቱ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ዕድሜያቸው የተለያየ ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው በአንድ ቻርጀር ሲሞሉ ደካማው ይሞቃል፣ ደህናው ሳይሞላ ይቀራል፤ ለብቻው ይሁን።

«አሲዱ ቀጥኗል፣ አሲድ ልጨምርልዎ» ለሚል ሰው ደግሞ እሺ አይበሉ። አሲዱ የቀጠነው ጠፍቶ አይደለም፤ በፕሌቱ ላይ ሰልፌት ሆኖ ተቀምጧል። አሲድ ጨምረው ሲሞሉት የተቀመጠውም ተመልሶ ይደረብና ከልክ በላይ ይወፍራል፣ ፕሌቱንና በፕሌቶቹ መካከል ያለውን መለያ ይበላል። ለጥቂት ሳምንታት ጎበዝ ይመስላል፣ ከዚያ ጭራሽ ይወድቃል። አሲድ የሚጨመረው ተገልብጦ ለፈሰሰ ባትሪ ብቻ ነው። አስፕሪንና ሌላ ዱቄት መክተትም እንዲሁ ነው።

ከሞላ በኋላ ሳይነኩት 12 ሰዓት ያሳርፉትና ይለኩ። 12.6 ይዞ ሞተሩ ሲነሳም ከ10 ካልወረደ ባትሪው አለ፤ ያስጨነቀዎት መጉደሉ ነበር። 12.4 ላይ ከቀረ የተወሰነ ሰልፌት ደርቆበታል። ክዳኑ የሚከፈት የአሲድ ባትሪ ከሆነ፣ ከመኪናው ተፈትቶ በ1 ወይም በ1.5 አምፔር ለ24 ሰዓት ቀስ ብሎ ቢሞላ ከፊሉ ይመለሳል፤ ሲዳሰስ ከሞቀ ያቁሙ። በሁለት ቀን ውስጥ ከመኪናው ተነጥሎ ሳለ እንኳ ከ12.4 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ሻጩ እውነቱን ነው።

ስለ 10 ደቂቃው፦ አልመክርም። በሚኒሞ፣ ያለ መብራት ቢቆም በደህና ቀን 5 አምፔር ያህል ቢገባ ድምሩ 0.8 አምፔር-ሰዓት ነው፤ የአንድ ቀኑን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። በአንጻሩ ቤንዚን ይነዳል፣ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ወደ ዘይቱ ያወርዳል። የአጭር መንገድ መኪና ዘይትም በዚሁ ምክንያት በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በወርም መቀየር አለበት፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ባይሞላም በ6 ወሩ ይቀየር።

«ታዲያ እሁድ እሁድ ኮምቦልቻ ደርሼ ልመለስ?» የሚሉም አሉ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማው መንገድ ለባትሪ መልካም ነው። በሐረጎ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ በዙር ላይ ስለሚቆይ ዲናሞው በሙሉ ኃይሉ ይሰጣል፣ ሽቅብም ሲመለሱ እንዲሁ። ለባትሪ ተብሎ ብቻ መሄድ ግን ሂሳቡ አይወጣም። ደርሶ መልስ 3 ሊትር በላይ ቤንዚን ነው፤ የመጨረሻውን 20 በመቶም አይጨርስም። ያንኑ ሥራ ቻርጀሩ ሩብ ኪሎ ዋት-ሰዓት በማይሞላ መብራት ሌሊቱን ይጨርሰዋል። ዘመድ ጥየቃ ካለ ይሂዱ፣ ባትሪውም አብሮ ይጠቀም። አንዳንዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል፤ ዲናሞው መቆሙ ሳያንስ የፍሬን አጋዡና የመሪው ጉልበትም አብሮ ይሄዳል። በሐረጎ መንገድ ይህ ከባትሪ በላይ ነገር ነው።

እንደ እርስዎ ላለ ሰው የምሰጠው ደንብ ይህ ነው፦ በወር አንድ ቅዳሜ ማታ ቻርጀር፣ በክረምትና በብርዱ ወራት በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ። የጠዋቱ ልኬት ከ12.4 ከወረደ ቀኑን ሳይጠብቁ ይሙሉ። ከተማ ለቀው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ኔጌቲቩን በ10 ቁልፍ ይፍቱት። የምሳውን ጉዞ በእግር ማድረግ ከቻሉ፣ ወይም ገበያውንና ልጆች ማምጣቱን በአንድ ዙር ካያያዙት፣ ሦስት አጭር ጉዞ አንድ የ25 ደቂቃ ጉዞ ይሆናል፤ ለባትሪውም ለሞተሩም በጣም ይሻላል። አንድ ጠዋት ጨርሶ እንቢ ካለች፣ አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍተው አያስነሷትም፤ ኬብል ያስፈልጋል። ቀዩ ከደከመው ፖዘቲቭ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከደህናው ኔጌቲቭ ወደ እርስዎ ሞተር ያልተቀባ ብረት፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ። 5 ደቂቃ አቆይተው ያስነሱ። ከዚያ «ሲሄድ ይሞላል» ብለው አይተዉት፤ ባዶ ባትሪን በዲናሞ መሙላት ዲናሞውንም ያሞቃል።

ትልቅ ባትሪስ? በእርስዎ መኪና ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ኤን ኤስ 40 የሚባለው፣ ከ32 እስከ 35 አምፔር-ሰዓት የሆነው ነው። ኤን ኤስ 60 ደግሞ 45 ነው። ትልቁ ዲናሞውን አይጎዳም፤ ሞተሩ እምቢ እስኪል ድረስ ጥቂት ተጨማሪ ሳምንታት ይሰጥዎታል። ነገር ግን የቀኑ ገቢና ወጪ ያው ስለሆነ እሱም ሳይሞላ ይኖራል፣ እሱም ሰልፌት ያበቅላል፤ ለተጨማሪው ገንዘብ ቻርጀር ቢገዙበት እመርጣለሁ። መቀመጫው ላይ በትክክል ካልገባና ከላይ ያለው መያዣ ካልጠበቀ ደግሞ መንገዱ ሲያናውጠው ፕሌቱ ይረግፋል። ኢ ኤፍ ቢ የሚባለው የተጠናከረ የአሲድ ባትሪ ሞልቶ ላለመኖር ከተራው የተሻለ ትዕግሥት አለው፤ በተመጣጣኝ ዋጋ ካገኙት ለእንዲህ ያለ አጠቃቀም ተገቢ ነው።

ልኬቱ ባትሪው ማለቁን ካረጋገጠ፣ ሲገዙ ብዙ የሚያመልጥ ነገር አለ። ደረቅ የተሸጠና እዚያው ሱቅ ላይ አሲድ የተጨመረበት ባትሪ ሙሉ አይደለም። አሲዱ ከገባ በኋላ ግማሽ ሰዓት አርፎ ቀስ ብሎ መሞላት ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን አሲድ ተጨምሮ ወዲያው መኪናው ላይ ይታሰራል፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው እየነዳ ይሞላዋል፣ በቀን 32 ደቂቃ የሚሄድ ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጎደለ ባትሪ ይኖራል። የእርስዎም የ16 ወሩ ታሪክ እዚያ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። አሲድ ተሞልቶ የመጣውም በመደርደሪያ ላይ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ይጎድላል፤ የተመረተበትን ወር ያስነብቡ፣ 6 ወር ያለፈውን ይተዉ፣ ከመክፈልዎ በፊት በራስዎ ቴስተር ይለኩ፤ ከ12.5 በታች ከሆነ ሌላ ይምረጡ። ፖዘቲቩ በአሮጌው በነበረበት ጎን መሆኑን ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ ሽቦው አይደርስም። ደረቅ ከነበረም አሲድ ተጨምሮ ከመጣም፣ በመጀመሪያው ሌሊት ቤት ቻርጀር ላይ ያሳድሩት። አሮጌውን ሻጩ ለእርሳሱ ሲል ዋጋ ቀንሶ ይቀበልዎታል፤ አሲዱን ግቢ ውስጥ አያስደፉት፣ እንደታሸገ ያስረክቡት።